ከዘፋኙ ጀርባ ያለው ጊታር

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ቤቴ ድረስ ጊታር ሊማሩ የሚመጡ ልጆች ቶሎ ሶሎ መጫወት ያምራቸዋል። እኔ ግን የማስጀምራቸው አይቤክስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከማህሙድ አህመድ ጋር ከሠራው «ኧረ መላ መላ» ነው። ሰላም ስዩም ጊታሩን፣ ጆቫኒ ሪኮ ቤዙን ይዘው አጭሯን ሐረግ ሳይሰለቹ ይመላለሱባታል። ያቺን ሐረግ ዘፈኑ እስኪያልቅ ሳይፈጥኑና ሳይዘገዩ መያዝ ከሶሎ ይከብዳል፤ ያልሞከረው አያምነኝም።

ጊታሩ በኮርድ ፈንታ እንዲህ ያለ ሐረግ መያዙ ከቅኝታችን ጋር የተያያዘ ነው። አምባሰል የተባለውን ቅኝት ከሲ እንጀምር፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። መነሻው ላይ ኮርድ ልያዝ ያለ ሰው ሜጀር ወይም ማይነር የምታደርገውን ድምፅ ያጣታል። በግድ ካስገባት ቅኝቱ ይፈርሳል። ስለዚህ አዋቂ ጊታሪስት ኮርዱን ትቶ በነጠላ መስመር ከቤዙ ጋር ይሄዳል። ከዲ ፍላት ወደ ኤፍ አራት ፍሬት ነው፤ ተማሪዎቼ ሁሉ የሚጣደፉት እዚህች ዝላይ ላይ ነው።

ጊታር ከዘፋኝ ጀርባ ብቻ እንደማይቀር ግን ውጭ አገር እናያለን። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ሮሊንግ ስቶንስ እ.ኤ.አ. በ2023 «ሃክኒ ዳይመንድስ»ን ሲያወጡ ዘፋኛቸው ሚክ ጃገር 80 ሞልቶት ነበር። በአዳዲስ የራሳቸው ዘፈኖች የተሞላ አልበም ካወጡ 18 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ጊታሩ ግን አሁንም ከፊት ነው። ጊታሪስታቸው ኪት ሪቻርድስ በብዙ ዘፈኖቹ ስድስተኛውን ክር አውጥቶ በአምስት ክር፣ በኦፕን ጂ ቃኝቶ ይጫወታል። በየቅኝቱ ክሩን ሲያጠብቅና ሲያላላ ለኖረ የክራር ሰው ይህ ብርቅ አይደለም።

የእኛ አንጋፋዎች እንዲህ ያለ አልበም የሌላቸው ችሎታ አጥተው አይመስለኝም። እኛ ዘንድ አልበም የዘፋኙ ነው። አይቤክስ ሮሃ ተብሎ በካሴት ዘመን ስንቱን ድምፃዊ አጀበ! ሽፋኑ ላይ ጎልቶ የሚወጣው ግን የዘፋኙ ፎቶ ነበር፤ የባንዱ ስም በደቃቅ ፊደል ከታች ይጻፋል። እዚያው ዘመን ላይ ሲንተሳይዘሩ መጣና ጊታሩን ይባስ ወደ ኋላ ገፋው። አይቤክስ እ.ኤ.አ. በ1976 ያለ ዘፋኝ የቀረጸው የመሣሪያ ሙዚቃ ባይኖር፣ እነዚህ ልጆች ብቻቸውን ሲጫወቱ ምን ይመስሉ እንደነበር በምን እናውቅ ነበር? ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ቢል ላስዌል ፕሮዲዩስ ያደረገውን «ኤርታሌ» በባንድ ስም ሲያወጣ ደስ ያለኝም ለዚሁ ነው፤ ዲስቶርሽኑ አንዳንዴ ቢበዛብኝም።

ከአንጋፋዎቹ አንዱ ዛሬ አልበም ልሥራ ቢል ምክሬ አጭር ነው፦ ኪቦርዱን ቀንስልኝ፣ የአንቺሆዬን ቅኝት በጊታር ጀምርልኝ፣ ዘፋኝ ካስፈለገ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ይግባ።