ጡብ ላይ የቀረ ስም፦ የናንጂንግ ቅጥር ያልተነበበ ገጽ

የቻይናዋን ናንጂንግ ጎብኝቶ የተመለሰ ሰው የሚያወራው ቁጥር ነው። የከተማዋ ቅጥር ሲሠራ 35 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር፣ ዛሬም 25ቱ ቆሟል። ዦንግኋ የተባለው ደቡባዊ በር 27 ዋሻዎች አሉት፣ 3,000 ወታደር ይደበቅባቸው ነበር ይባላል። ወደ ሱን ያትሰን መቃብር 392 ደረጃ ያስወጣል። አስጎብኚውም የጉዞ ጸሐፊውም በዚህ ቆጠራ ተጠምደው የከተማዋን ረጅሙን ጽሑፍ ሳያነቡት ያልፋሉ። ጽሑፉ ያለው እዚያው የሚደገፉበት ግንብ ላይ ነው።

አንዱን ጡብ ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 20፣ ውፍረቱ 10 ነው፤ አንድ ሰው በሁለት እጁ ታቅፎ የሚሸከመው ከባድ ሸክላ። በጎኑ ላይ ጭቃው ሳይደርቅ የታተመ ጽሑፍ አለ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ሙሉ ጽሑፍ ባለው ጡብ ላይ መጀመሪያ አውራጃውና ወረዳው ይጠቀሳሉ። ከዚያ ሥራውን የሚቆጣጠረው ሹምና ጸሐፊው ይመጣሉ፣ ቀጥሎ ገበሬውን በግዳጅ ሥራ የሚያሰማሩት የመንደር አለቆች። (እነዚህን በድሮው የኢትዮጵያ አጠራር ጭቃ ሹም ቢሏቸው ስምና ሥራ እንዲህ የሚገጥምበት ሌላ ቦታ አይገኝም።) ከእነሱ በታች እቶኑን የሚያነደው ባለሙያ አለ። መጨረሻው ላይ፣ ብዙ ጊዜም በደበዘዘ ፊደል፣ ጭቃውን በእጁ ያቦካው ሰው።

ጡቦቹ የተሠሩት የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ዡ ዩዋንዣንግ ናንጂንግን መናገሻው ባደረገበት በ14ኛው ክፍለ ዘመን (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን፣ ከጂያንግሺና ከሌሎች ሩቅ ግዛቶች በያንግትዜ ወንዝ በጀልባ ተጭነው መጥተዋል።

ዛሬ ይህን የስም ዝርዝር የሚያወድሰው ብዙ ነው። «የጥንት የጥራት ቁጥጥር» ይሉታል፤ ለዘመኑ ፋብሪካ አርአያ አድርገው የሚያቀርቡትም አሉ። ሠሪው በዕቃው ላይ ስሙን እንዲያኖር የማስገደድ ልማድ በቻይና ከቺን ሥርወ መንግሥት በፊት የጀመረ መሆኑ እውነት ነው። ውዳሴው ግን ነገሩን ገልብጦ ያነበዋል። ስሙ የተጻፈው ሠሪው እንዲመሰገን ሳይሆን ጡቡ የተሰነጠቀ እንደሆነ ማን እንደሚያዝ እንዲታወቅ ነው። ዝርዝሩ አስቀድሞ የተዘጋጀ የተከሳሾች መዝገብ ነው። ያዘዘውም የገበሬን ኑሮ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ዡ ዩዋንዣንግ ወላጆቹን በረሃብና በወረርሽኝ ያጣ፣ በቡድሃ ገዳም ተጠግቶ የለመነ የደሃ ልጅ ነው። የመንደር ሹም እንዴት እንደሚያመልጥ ያውቅ ስለነበር ማምለጫውን በጭቃ ደፈነው።

ይህ ሁሉ ተብሎም ፊደሎቹ ፊት ሲቆሙ ቁጣ ይበርዳል። አንዳንዱ ማኅተም በሠለጠነ እጅ የተቀረጸ ነው። ሌላው ግን እርጥብ ጭቃ ላይ በእንጨት ጫፍ የተጫረ ይመስላል፤ መስመሩ ይጣመማል፣ ከባዱ ፊደል በመንደር አጻጻፍ ያጥራል። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ገበሬ ስም በታሪክ መጽሐፍ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። እዚህ ዝናብ እየመታው፣ ሙጃ እየበቀለበት፣ ከሹሙ ስም ጋር በአንድ ጡብ ላይ ይኖራል። ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ዛሬ የሚታየው ፍርስራሽ ነው፤ የእነዚህ ሰዎች ስም ግን አለ።

ቅጥሩ የታነጸበትን ጉዳይ መፈጸሙ ሌላ ነገር ነው። በ1402 የመሥራቹ ልጅ ዡ ዲ የወንድሙን ልጅ ከዙፋን ሊያወርድ ሲመጣ ግንቡን መስበር አላስፈለገውም። የጂንቿን በር ከውስጥ ተከፈተለት። የከፈቱት መኳንንት ናቸው፤ ጡብ ላይ ስም እንዲያኖሩ ማንም ያልጠየቃቸው።

ይኸው ዡ ዲ፣ በኋላ ዮንግል የተባለው፣ ያሠራው የሸክላ ማማ በ1856 በታይፒንግ ጦርነት ፈረሰ። በቦታው በ2015 የብረትና የመስታወት ማማ ተከፍቷል። ምሽት ላይ ያበራል፣ ፎቶም ያምርበታል። ከዚህ በላይ የሚባልለት ነገር የለም። ለእንዲህ ያለው ዕቃ የሚሰለፈው ሕዝብ፣ በ1956 የቅጥሩ ከፊል ሲፈርስ በጽሑፍ ተቃውሞ የዦንግኋን በር ከአፍራሽ እጅ ያተረፈውንና በማግሥቱ ዓመት «ቀኝ ዘመም» ተብሎ የተወገዘውን ምሁር ዡ ሺዬን አያውቀውም። ወደ ግንቡ የሚወጣ ሁሉ ባለ ዕዳው ነው።

ናንጂንግ ሁለት ቀን ያለው ጎብኚ የመጀመሪያውን ጠዋት በዦንግኋ በር ግድግዳ ሥር ይዋል። የቻይንኛ ፊደል ባያውቅም የእጅ ልዩነቱን ዓይኑ ይለየዋል። በሁለተኛው ቀን ከከተማዋ በስተምሥራቅ ወደ ያንግሻን የድንጋይ ካባ ይሂድ። ዮንግል በ1405 የአባቱን ገድል ሊጽፍበት ያስጠረበው ሐውልት እስከ ዛሬ ከተራራው ሳይላቀቅ እዚያው አለ። አካሉ ብቻ ወደ 50 ሜትር ይጠጋል፣ ከ8,000 ቶን በላይ ይመዝናል፤ የሚያነሳው ኃይል ስላልተገኘ ተትቷል። አንድም ፊደል አልተጻፈበትም።