የስሜን ፎቶግራፍ አንሺዎች ውዳሴ

በስሜን ተራሮች ገደል አፋፍ፣ ውርጩ ገና ከጓሳው ላይ ሳይቀልጥ፣ ካሜራውን ደግኖ በትዕግሥት የሚጠባበቀውን ፎቶግራፍ አንሺ ሳስብ ልቤ በምስጋና ይመላል። እርሱ እንስሳውን ሳያስበረግግና ሳያቆስል፣ ወደ ኋላ የተቆለመመውን የዋልያ ቀንድ፣ በጭላዳው ደረት ላይ ያለውን ቀይ ምልክትና ከጅብራው ኋላ የሚገፈፈውን ጉም ለይቶ ያስቀራልና፣ ግብሩ ከጥበብ አልፎ ለሥነ ፍጥረት የሚቆም ምስክርነት ነው። በዓለም በሌላ ስፍራ በዱር የማይገኘውን ዋልያ፣ ተራራውን ያልወጣው አረጋዊና ሕፃን የሚያውቀው በእርሱ ድካም ነው፤ የዛሬው ሥዕልም ከትናንቱ ጋር ሲነጻጸር የሣሩን መሳሳት፣ የደኑን መሸሽ ወይም ማገገም ይናገራል። ይህ ሙያ ባይኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ድንቅ ስፍራ ለብዙኃኑ ባዶ ስም ሆኖ ይቀር ነበርና፣ ለባለሙያዎቹ ክብርና ውዳሴ ይገባቸዋል።