ዐቃቤ ሰዓቱና ባሕረኛው

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከከተማው አጠገብ ባለው ሐይቅ ውሃ ላይ ከደንገል የታሰረች ታንኳ ብቅ ትላለች፤ ቀዛፊው እግሩን አጥፎ ይቀመጥባትና ረጅሙን እንጨት አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እያጠለቀ ይሄዳል። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ታንኳዋ ወደ ዳር ወጥታ ፀሐይ ላይ ትሰጣለች። ጥንት ደሴት የነበረውና ዛሬ በአንድ ወገን ከየብስ የተያያዘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዚሁ ውሃ ተከቧል። በመካከለኛው ዘመን የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» ይባል ነበር፤ ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ይህን ማዕረግ ባሰብሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የወሎ መነኩሴ ሳይሆን ባሕረኛ የነበረው ደራሲ ዘነበ ወላ ነው።

ዘነበ የቀድሞው ባሕር ኃይል አባል ነበር። አንባቢ አብዝቶ የሚያውቀው ግን «ማስታወሻ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ የደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ሕይወትና ሐሳብ በጭውውት ባቀረበበት ሥራው ነው። ሂሳችን እስከ ዛሬ መጽሐፉን የስብሐት መጽሐፍ አድርጎ ነው ያነበበው። ስለ ስብሐት የሚጽፍ ሁሉ ከሱ ይቀዳል፤ ስለ ቀጂው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ትልቅ ጉድለት ይመስለኛል።

የዘነበ ትውልድ ባሕረኞች የደረሰባቸውን ማስታወስ ያሻል። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955 ሲመሠረት ዋና ሰፈሩ ምፅዋ ነበር። ከደጋው የመጣ ብዙ ወጣት ጨው ውሃን ያየው እዚያ ነው። ምፅዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከመንግሥት ጦር እጅ ወጣች፤ በ1983 ዓ.ም. የተረፉት መርከቦች ወደ የመን ሸሹ፤ ተቋሙም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረሰ። ባሕረኛው ወደቡንም፣ መርከቡንም፣ ሙያውንም በአንድ ላይ አጣ። ከአየር ኃይል ወደ ሥዕል የመጣውን ለማ ጉያን ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ለማ በፍየል ቆዳ ላይ ሲሥል ኖሮ የአፍሪካ አርት ሙዚየምን ያቆመው በቢሾፍቱ፣ የቀድሞ ሠራዊቱ ጦር ሰፈር ባለበት ከተማ ነው። የወጣትነት ሰማዩ ከራሱ በላይ እንዳለ ነበር። የምፅዋ ባሕረኛ ግን ተመልሶ የሚቆምበት ወደብ በአገሩ ውስጥ አልቀረለትም።

ችግሩ በዚህ አያበቃም፤ ባሕሩን የሚያኖርበት ኪነ ጥበባዊ ቅርጽም በእጁ አልነበረም። ደገኛው ለተራራው ቅርጽ አለው። የወሎው ተራራ አምባሰል ስሙን ከአራቱ ዋና የዜማ ቅኝቶች ለአንዱ ሰጥቷል። በዚህ ቅኝት ሁለተኛው ድምፅ ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ይልና ቀጣዩ ርቆ ይዘላል፤ ዜማው ከደጃፍ ፈቀቅ ሳይል ቆይቶ ድንገት ገደሉን የተሻገረ ያህል ነው። ማሪቱ ለገሰ ስታዜመው የሰማ ሰው ቦታ ወደ ድምፅ እንዴት እንደሚለወጥ ያውቃል። በምፅዋ ስም የተጠራ ቅኝት ግን የለንም፤ የባሕር ኃይሉ ዘመን ለዚያ የሚበቃ ዕድሜ አላገኘም።

ዘነበ ይህን ክፍተት የሞላው በሁለት መንገድ ነው ባይ ነኝ። አንደኛው ግልጽ ነው፤ «ሕይወት በባሕር ውስጥ» የተሰኘው መጽሐፉ ከርዕሱ ጀምሮ የደጋውን አንባቢ ወደ ጥልቁ ይጠራዋል። ሁለተኛውና ለኔ የሚበልጠው «ማስታወሻ» ላይ ያለው ነው። ጠያቂው ራሱን ወደ ኋላ ይስባል። ተናጋሪው ከወግ ወደ ወግ ሲሻገር አያጣድፈውም፤ የተባለውን በተባለበት ለዛ ለማኖር ይጥራል። ይህ የተረኛ ዘብ ጠባይ ነው። መርከብ ላይ ተረኛ የሆነ ባሕረኛ የነፋሱን አቅጣጫና የታየውን ነገር ከነሰዓቱ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ የራሱ ስሜት እዚያ ቦታ የለውም። «ማስታወሻ» የሚለው ርዕስም ለመርከብ መዝገብ ቢሰጥ ያምርበት ነበር። ስብሐት በ2004 ዓ.ም. ሲያርፍ ድምፁ ከነለዛው የቆየን እንዲህ ያለ ትጋት ስለነበረ ነው።

እርግጥ ነው፣ ይህ ጠባይ ዋጋ ያስከፍላል። ተናጋሪው ሊሞገት በሚገባው ቦታ መዝጋቢው ዝም ይላል፤ አንዳንዱ ወግ ሳይፈተሽ ያልፋል። እንዲያም ሆኖ ብዙ ከሚከራከርና ጥቂት ከሚሰማ ጠያቂ ይህኛውን እመርጣለሁ።

የሐይቅ ገዳም ይህን የመዝጋቢነት ሙያ በሚገባ ያውቀዋል። በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው፣ የገዳሙ አበምኔት የነበሩት የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የጻድቁን ሥዕል ይዟል፤ ለገዳሙ የሰጡት ንብረት ዝርዝርም እዚያው ብራና ላይ ሰፍሯል። ቅዱስ ቃሉም መዝገቡም በአንድ ጥራዝ አሉ። የታሪክ ተመራማሪዎች የገዳሙን ጥንታዊ ታሪክ ሲያጠኑ ከዚህ ብራና ብዙ አግኝተዋል።

የምፅዋ ባሕረኞች እያረጁ ነው። ከመካከላቸው ብዕርም ብሩሽም ያላነሱት ይበልጣሉ፤ የሚያውቁት ግን ገና በቃላቸው አለ። ደሴ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን መቅረጸ ድምፅ አስይዞ በሐይቅና በአምባሰል መንደሮች የቀድሞ ባሕረኞችን ያፈላልግ። ያገኙትን ሰው ሳያቋርጡ ይስሙት፤ የሚለውንም ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይመዝግቡ።