«አናርኪስት»፦ ሳይነበብ የተፈረደበት ስም

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» ይላል ያገራችን ሰው። በአማርኛ ግን ከቤት ሳይሆን ከመንግሥት ሬዲዮ ወጥተው ጎረቤት የተከተላቸው ስሞች አሉ። ከእነዚህ አንዱ «አናርኪስት» ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም ይህ ስም የተለጠፈበት ወጣት የሚጠብቀው ፍርድ ቤት ሳይሆን «ነፃ እርምጃ» ነበር።

እኔ ያን ዘመን አልደረስኩበትም። የማውቀው በወረቀት ነው። እዚህ ሐዋሳ፣ መሃል ከተማ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እየገዛሁ የዚያን ትውልድ ትዝታዎች ከግራም ከቀኝም ሳነብ ከርሜአለሁ። ከንባቤ ያተረፍኩት አንድ ቅሬታ ነው። ጸሐፊዎቻችን «ማን ቀድሞ ተኮሰ?» በሚለው ክርክር ተጠምደው፣ ጥይቱ የተመረኮዘበትን ሐሳብ ሳይፈትሹ አልፈዋል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ይኸው ስም ይመስለኛል። ስም ከወጣ በኋላ መመርመር ለምን ያስፈልጋል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና እስቲ ከሥሩ እንጀምር። አናርኪዝምን መዝገበ ቃላቶቻችንም ጋዜጦቻችንም «ሥርዓት አልበኝነት» ሲሉት ኖረዋል። ቃሉ ግን ከግሪክ ሲወረስ «ገዢ አልባነት» ማለት ነው። የሐሳቡ ሰዎች ሥርዓትን አይጠሉም፤ የሚጠሉት ከላይ የሚጫነውን ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 ሄግ ላይ በተካሄደው የዓለም አቀፍ ሠራተኞች ማኅበር ጉባዔ ማርክስና ባኩኒን የተለያዩት በዚሁ ነበር። ባኩኒን መንግሥት በሠራተኛው ስም ቢያዝም እንኳ አዲስ ጌታ ይወልዳል ብሎ ያምን ነበር። ከማኅበሩ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ «አናርኪስት» በማርክሲስቶች ቤት የስድብ ቃል ሆኖ ቀረ። ወደ እኛም የደረሰው ሐሳቡ ሳይሆን ስድቡ ነው።

በአናርኪዝም ውስጥ ግን ራሱን የቻለ፣ አመፅን የሚያስቀድም ጅረት መኖሩ እውነት ነው። የዚህ ወገን እምነት ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ሕዝቡ እስኪነቃ፣ እስኪደራጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ድርጊቱ ራሱ ሰባኪ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1877 ጣሊያኖቹ ማላቴስታና ካፊዬሮ ሠላሳ የማይሞሉ ሰዎች ይዘው በደቡብ ጣሊያን ተራሮች ወዳሉ ሁለት መንደሮች ገቡ። ንጉሡ ከዙፋኑ መውረዱን አወጁ፤ የመሬትና የግብር መዝገቦችን በአደባባይ አቃጠሉ። ገበሬው አጨበጨበ። ነገር ግን አልተከተላቸውም። ወታደር ከበባቸው፤ በበረዶ ውስጥ ተይዘው ታሰሩ፤ በኋላ ግን ፍርድ ቤት በነፃ ለቀቃቸው። «መሬት ላራሹ!» ብሎ ያደገ አገር ይህን ታሪክ ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ለእኔ ግን ትልቁ ትምህርት ጭብጨባው ውስጥ ነው። ያጨበጨበ ሁሉ ተከታይ አይደለም።

ከመዝገብ ማቃጠል ወደ ሰው መግደል የተደረሰው ብዙም ሳይቆይ ነው። በዚህ ረገድ አንዱ ታሪክ እኛንም ይነካል። ዓድዋ ላይ ድል የሆነው ጦር የንጉሥ ኡምቤርቶ ጦር ነበር። ይህን ንጉሥ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1900 ሞንዛ ላይ ተኩሶ የገደለው ጋኤታኖ ብሬሺ የተባለ አናርኪስት የሐር ሸማኔ ነው። ብሬሺ ደሙን ሊመልስ የፈለገው ከሁለት ዓመት በፊት ሚላኖ ውስጥ ሠራዊት በመድፍ ለፈጃቸው ሰልፈኞች ነበር፤ ንጉሡ ፍጅቱን የመራውን ጄኔራል ሸልሞት ነበርና። እንግዲህ ጥይቱ ምን አመጣ? ዙፋኑ ለአንድ ቀን አልጎደለም። ልጁ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሦስተኛ ተቀመጠበት። ይኸው ልጅ ነው በ1928 ዓ.ም ፋሺስቶች አዲስ አበባን ሲይዙ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ማዕረግ የደረበው። ጥይቱ የዓድዋውን ንጉሥ አስወግዶ የማይጨውን አነገሠ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣሊያናዊ አናርኪስት እናንሳ። ሲልቪዮ ኮሪዮ ይባላል። ወደ ለንደን የተሰደደ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ የሲልቪያ ፓንክኸርስት የሕይወት ጓደኛ፣ የታሪክ ምሁሩ የሪቻርድ ፓንክኸርስት አባት ነው። ፋሺስቶች አዲስ አበባ በገቡበት በግንቦት 1936 እ.ኤ.አ. ሲልቪያ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ ስትጀምር አብሯት የለፋው እሱ ነው። ጋዜጣው ሃያ ዓመት ለኢትዮጵያ ተሟገተ። ሁለቱም ሰዎች አናርኪስቶች ናቸው፤ አንዱ ሽጉጥ፣ ሌላው የእርሳስ ፊደል ያዘ። ለኢትዮጵያ የቱ እንደ ጠቀመ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ትችቱ ከውጭ ብቻ የመጣ አይደለም። ክሮፖትኪን ራሱ ዘመናት የገነቡት ሥርዓት በጥቂት ፈንጂ እንደማይናድ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ ፓሪስ በአናርኪስት ቦምብ ስትናወጥ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ ቢራ የሚጠጣ ተራ ሰው ሳይቀር ሰለባ ሆነ። የፈረንሳይ መንግሥት በ1893 እና በ1894 ባወጣቸው ሕጎች ቦምብ ወርዋሪውን ብቻ ሳይሆን ጋዜጣ አዘጋጁንም አፉን ዘጋው። ጅረቱ ግን አልደረቀም። እ.ኤ.አ. በ1977 አልፍሬዶ ቦናኖ የተባለው ጣሊያናዊ «የታጠቀ ደስታ» በሚል ርእስ ባሳተመው መጽሐፍ ያንኑ እምነት አድሶ አቀረበ፤ ለመጽሐፉም ታሰረ።

1977 በእኛ አቆጣጠር 1969 ነው። አሁን ወደ ቤታችን እንግባ።

ደርግና ያኔ አጋሩ የነበረው መኢሶን «አናርኪስት» ያሉት ኢሕአፓን ነው። ለመሆኑ ኢሕአፓ አናርኪስት ነበርን? በፍጹም። ማዕከላዊ ኮሚቴ ያለው፣ በሌኒን ሥርዓት የተዋቀረ፣ መንግሥትን ማፍረስ ሳይሆን «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት» ማቋቋም የሚሻ ፓርቲ ነበር። ባኩኒን ቢያየው ይሸሸው ነበር። ስሙ ውሸት ነው።

ነገር ግን ውሸት የሆነ ስም የተሰጠው ሁሉ ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። መስከረም 13 ቀን 1969 ዓ.ም በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ ተተኮሰ። ብዙም ሳይቆይ የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ። የከተማ የትጥቅ ትግል በሚባለው መስመር ውስጥ ያ የድሮ እምነት፣ ጥቂቶች ተኩሰው ብዙኃኑን ያነቃሉ የሚለው፣ ስሙን ሳይጠራ ተቀምጦ ነበር። አዲስ አበባም እንደ ጣሊያን መንደሮች ሆነች። ልቧ ከወጣቶቹ ጋር የነበረች እናት በሯን ከፍታ ደበቀቻቸው፤ አደባባይ ግን አልወጣችም። አሰሳው ሲመጣ በሯን የሰበሩት እሷ ላይ ነው።

ይህን አስቀድመው ያዩ ሰዎች በፓርቲው ውስጥ ነበሩ። ጌታቸው ማሩና ብርሃነ መስቀል ረዳ የከተማውን ትጥቅ ትግል ተቃወሙ። መልሱ ሌላ ስም ሆነ፦ «አንጃ»። ጌታቸው በ1969 ዓ.ም በገዛ ድርጅቱ ሰዎች እጅ ሞተ። ብርሃነ መስቀልን በኋላ ደርግ ይዞ ገደለው። እዚህ ላይ አንድ መራራ ምጸት አለ። አመፀኞቹ አናርኪስቶች ብዙ ጥፋት አጥፍተዋል፤ ያላመነበትን ሰው በግድ የሚይዝ ማዕከል ግን አያውቁም፤ ያልተስማማ ትቶ ይሄዳል። ኢሕአፓ ከአናርኪዝም የወሰደው ጥይቱን ይመስላል፤ የተወው በሩን ነው። ጥቂት አናርኪስት ቢሆን ኖሮ ጌታቸው ከዚያ ቤት በእግሩ ይወጣ ነበር።

ከሳሹስ? ቀበሌ ያለ ዳኛ እንዲገድል ፈቅዶ፣ ሬሳ መንገድ ላይ አስጥቶ፣ «ቀይ ሽብር ይፋፋም!» ያለው መንግሥት ነው። «ሥርዓት አልበኝነት» የሚለው ትርጉም ባገራችን በትክክል የሚገልጸው ሰው ከተፈለገ፣ ቃሉን በሌሎች ላይ የለጠፈው ያው ባለ ማኅተሙ ነው።

ከዚህ አንጻር መጻሕፍቱን ስመዝናቸው፣ የክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» እና የአንዳርጋቸው አሰግድ «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ» የማይተኩ የታሪክ ምንጮች ናቸው፤ ያለ እነሱ ይህን ያህል እንኳ ባልጻፍኩ። ሁለቱም ግን ለየድርጅታቸው ጠበቃ ቆመዋል። የመንግሥቱ «ትግላችን» የከሳሹ ንግግር ነው። ወደ ሐሳቡ ይበልጥ የሚያስጠጋኝ የሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ በእንግሊዝኛ የወጣው። ጸሐፊዋ የጌታቸው ፍቅረኛ ነበረች፤ ስምንት ዓመትም ታስራለች። ጠበቃ ለመሆን ከማንም በላይ ምክንያት ነበራት። የጻፈችው ግን አንድ ሰው «ይህ መንገድ ያጠፋናል» ሲል ጓዶቹ እንዴት መስማት እንደሚያቅታቸው ነው። ድርጅት የሚተርክ መጽሐፍ ያላሳየኝን፣ ፍቅር የሚተርክ መጽሐፍ አሳየኝ።

ገና ያልተጻፈው መጽሐፍ አለ። ሁለቱን ስሞች፣ «አናርኪስት»ንም «አንጃ»ንም፣ ከሟቾቹ አንገት አውልቆ የጌታቸውንና የተቃዋሚዎቹን ክርክር ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ መጽሐፍ። ዛሬም «ፀረ ሰላም»፣ «ጽንፈኛ»፣ «ባንዳ» እየተባባልን ነው። ዛሬም ጥቂት ጥይት ብዙኃኑን ያነቃል ብሎ የሚያምን ወጣት አለ። ያን ወጣት በስም መጥራት ቀላል ነው። በክርክር ለመርታት ግን መጀመሪያ ሊያነበው የሚችለው ነገር መጻፍ አለበት፤ እሱን ሊጽፉ የሚችሉት የዓይን ምስክሮች ደግሞ በየዓመቱ እያነሱብን ነው።