ኡርዱ ሳያውቁ የኡርዱ ፊልም መመዘን

ጭሮ ላይ አንድ ሰው ነገር ሲያካብድ፣ ትንሹን ቅሬታ በእንባ ሲያጅብ «የህንድ ፊልም አታድርገዋ» ይባላል። አባባሉ የጭሮ ብቻ አይደለም፤ አገር ያወቀው ነው። ስድቡ ለመጥፎዎቹ ፊልሞች ይገባቸዋል፤ የሚያሳዝነው ጥሩዎቹም አብረው መሰደባቸው ነው። ከሂርና እስከ ገለምሶ፣ ከበዴሳ እስከ ሚኤሶ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያደገ ትውልድ ያየው ፊልም ስፍር ቁጥር የለውም። የትኛው ይበልጣል ብትሉት ግን ወይ ያስለቀሰውን ወይ ድብድብ የበዛበትን ይጠራላችኋል። እኔ በሁለቱም አልመዝንም።

አስቀድሞ ስሙን እናጥራ። ከ1940ዎቹ ማብቂያ እስከ 1970ዎቹ (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ከቦምቤይ የወጡት ፊልሞች በመዝገብ ሂንዲ ይባሉ እንጂ ግጥማቸውንና ንግግራቸውን የጻፉት በአብዛኛው የኡርዱ ሰዎች ናቸው፤ ሳሂር ሉድያንቪ፣ ሻኪል ባዳዩኒ፣ ማጅሩህ ሱልጣንፑሪ፣ ካይፊ አዝሚ። የ1975ቱን «ሾሌ» ከጻፉት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ጃቬድ አኽታር የሚጽፈው በኡርዱ ፊደል ነው። በዚያ ዘመን የፊልሙ ርዕስ መጀመሪያ ላይ በሦስት ፊደል ይመጣ ነበር፤ በላቲን፣ በዴቫናጋሪና በኡርዱ። ጭሮ ላይ ቁርኣን ቤት የገባ ልጅ ሦስተኛውን ፊደል እየለቀመ ያነበዋል። ጆሮውም ባዶ አይደለም፤ ዱንያ፣ ኪታብ፣ ሰብር፣ ወቅት ሲባል የሚያውቀው ቃል ነው። የቀረው ባይገባው ፊልሙን ለመመዘን ያን ያህል አይጎዳውም። እንዲያውም ቋንቋውን የማያውቅ ሰው በቃላት ስለማይሸነገል ሌላውን ነገር አጥርቶ ያያል።

ለዚህም ነው «ሾሌ»ን ማስረጃ አድርጌ የምጀምረው። በየቪዲዮ ቤቱ ፊልሙን ያላየ ወንድ ማግኘት ይከብዳል፤ ስለ ጋባር ሲንግ ሳቅና ስለ ባቡሩ ድብድብ ይተረካል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ስለ ፋኖሶቹ። አመሻሽ ላይ አሚታብ ባቻን የተጫወተው ጃይ ደጅ ላይ ተቀምጦ ሃርሞኒካ ይነፋል። ፊት ለፊት ካለው ትልቅ ቤት ሰገነት ላይ በጃያ ባዱሪ የተወከለችው ነጭ የለበሰች መበለት ፋኖሶቹን አንድ በአንድ ታጠፋለች። አያወሩም፣ አይጠጋጉም። እሱ ይነፋል፣ እሷ ታጠፋለች፣ የመጨረሻው መብራት ሲጠፋ ትገባለች። የሁለት ሰው ፍቅር፣ የመበለትነት እገዳና የማይሆን ተስፋ እዚያች ላይ አለቀ። ብርሃኗ የምትገኘው ፀሐይ ጠልቃ ከመጨለሙ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ ቀረጻዋ ብዙ ምሽት ወስዷል። በቪዲዮ ቤት ግን ሰው ሻይ ለማዘዝ የሚነሳው እዚህ ቦታ ላይ ነው። ተቀመጡ! ዳይሬክተሩ ራሜሽ ሲፒ ከባቡሩ ድብድብ ይልቅ እዚህ ላይ ይመዘናል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሚዛኔ ዝምታ ነው። ጥሩ ፊልም ሰዎቹ አፋቸውን ሲዘጉ ማን ምን እንዳጣ ይነግራችኋል። መጥፎው ዝምታ ሲመጣ ይደነግጥና ከበሮ ይጨምርበታል፣ ወይም የተዋናዩን ፊት ሦስት ጊዜ እያፈራረቀ ያቀርባል።

ጥድፊያ ግን አያስፈልግም። የጭሮ ጫት ገዢ እስሩን ከላይ በታየው ቅጠል አይገዛም፤ ፈልቅቆ መሃሉን ያያል። ፊልሞቹም አጀማመራቸው ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ ገንዘቡ የፈሰሰው እዚያ ነውና። መሃል ላይ ካለው እረፍት በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓት እዩ። ደካማው ታሪክ የጠፋ ወንድም፣ የመኪና አደጋ ወይም ድንገተኛ በሽታ የሚያመጣው እዚያ ሲደርስ ነው። (ጫትን ካነሳን አይቀር፣ በምርቃና የታየ ፊልም ሁሉ ድንቅ ነው። ፍርዱን ለማግስቱ አቆዩት።)

ሁለተኛው ሚዛኔ ዘፈን ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የተማረው «ዘፈን በዛበት» ብሎ ይንቃል፤ ያልተማረው ዜማው ካማረው ይበቃዋል። ጥያቄው ዘፈኑ ባይኖር ታሪኩ ይጎድላል ወይ ነው። የ1960ውን «ሙጋል-ኤ-አዛም» ውሰዱ። ንጉሥ አክበር ልጁ ሳሊም ከቤተ መንግሥቱ ጨፋሪ ከአናርካሊ ጋር መዋደዱን አልወደደም፤ እንድትተወው ታዝዛለች። በመስታወት አዳራሹ ንጉሡና መኳንንቱ በተቀመጡበት ተነስታ ትዘፍናለች፤ የምትለውም መውደዷን እንደማትደብቅ ነው። ከዘፈኑ በፊት ነገሩ በምስጢር ሊበርድ ይችል ነበር። ከዘፈኑ በኋላ ንጉሡ በሰው ፊት ተደፍሯልና መመለሻ የለውም። ይህ ዘፈን እንደ ዱላ የተሰነዘረ ድርጊት ነው። ካሜራው ወደ ጣሪያው ሲነሳ የአናርካሊ ምስል በእያንዳንዷ የመስታወት ቁራጭ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ንጉሡ ዓይኑን ወዴትም ቢያዞር እሷን ሊያይ ነው። ዳይሬክተሩ ኬ. አሲፍ ያንን አዳራሽ ለማሠራት ሁለት ዓመት ገደማ የፈጀው፣ መስታወቱንም ከቤልጂየም ያስመጣው ለጌጥ ብሎ አይደለም።

በአንጻሩ ጥንዶቹ ተራራ ላይ ሰባት ጊዜ ልብስ እየቀየሩ የሚሮጡበትን ዘፈን አውጡት። ማንም አይጠይቅም።

ሦስተኛው ድምፅ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። በዚሁ በ«ሙጋል-ኤ-አዛም» አባትየውን የተጫወተው ፕሪትቪራጅ ካፑር የመድረክ ሰው ነው፤ ቃሉን ከደረቱ ያወጣዋል፣ አዳራሹ ይንቀጠቀጣል። ልጁን የተጫወተው ዲሊፕ ኩማር ደግሞ ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የአባትና የልጅ ጠብ በዚያው የሁለት ትወና ዘመን ጠብ ሆኖ ይታያል፤ አንዱ ለሩቅ ወንበር ይጮኻል፣ ሌላው ለማይክሮፎን ያንሾካሽካል። ብዙዎች ከሁለቱ አንዱን ሊያናንቁ ይሞክራሉ። ስህተት ነው፤ ንጉሥ እንደዚያ ካልጮኸ ልጁ እንደዚያ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ምን ያህል አመጽ እንደሆነ አይታይም። ዲሊፕ ኩማር ትክክለኛ ስሙ ዩሱፍ ኻን ነው፤ በ1922 ፔሻዋር ተወልዶ በ2021 አርፏል። ከእሱ በኋላ የመጣው ተዋናይ ሁሉ፣ አሚታብንም ጨምሮ፣ ዝግ ብሎ መናገርን የተማረው ከእሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አናርካሊን የተጫወተችው ማዱባላ ልቧ በተፈጥሮው ቀዳዳ ነበረበት። በእስር ቤቱ ትዕይንት የምትጎትተው ሰንሰለት የእውነት ከባድ ብረት ነው፤ ድካሙን አትተውነውም። ከዲሊፕ ኩማር ጋር የነበራት የእውነት ፍቅርም ቀረጻው ሳያልቅ ፈርሶ ነበር። ይህን ካወቃችሁ በኋላ የላባዋን ትዕይንት ድገሟት። ከሩቅ የቤተ መንግሥቱ ዘፋኝ የታንሴን ዜማ ይሰማል፤ ሳሊም የአናርካሊን ፊት በነጭ ላባ ይዳስሳል፤ ሌላ ምንም የለም። እጁ ፊቷን አይነካም። ከዚያ ወዲህ በመሳሳም የተሞሉ ስንት ፊልሞች መጡ፤ ያቺን ላባ የሚያህል አላየሁም።

ዘፈኑን የሚዘፍኑት ተዋናዮቹ እንዳልሆኑ ሁሉም ያውቃል። ማዱባላ አፏን ስትከፍት የምንሰማው ላታ ማንጌሽካርን ነው፤ ራጅ ካፑር ሲዘፍን ድምፁ የሙኬሽ ነው። ስለዚህ ከንፈር ገጠመ አልገጠመ የሚለው የጀማሪ ፈተና ነው። አንገትን እዩ። ጎበዝ ተዋናይ ዘፋኙ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ትንፋሽ ይወስዳል፤ ከፍ ያለው ዜማ ሲመጣ የጉሮሮው ጅማት ይነሳል። ሰነፉ ፈገግ ብሎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሞሐመድ ራፊን ልብ ብላችሁ ከሰማችሁት ደግሞ ለዲሊፕ ኩማር ሲዘፍንና ለሻሚ ካፑር ሲዘፍን ሁለት ሰው ነው።

የሚኤሶ ሰው ከሆናችሁ ለእናንተ የማስቀድመው ፊልም «ፓኪዛ» ነው። ከጂቡቲ አዲስ አበባ በ1917 የደረሰው ባቡር በሚኤሶ ያልፍ ነበርና፣ በሌሊት የባቡር ፊሽካ ሰምቶ ማን ሄደ፣ ማን መጣ ብሎ ማሰብ ምን እንደሆነ እዚያ ያደገ ሰው አይነገረውም። «ፓኪዛ» ውስጥ ሚና ኩማሪ የተጫወተቻት ጨፋሪ ባቡር ውስጥ ተኝታ ሳለች አንድ የማታውቀው ሰው የእግሮቿን ውበት የሚያደንቅ ወረቀት ትቶላት ይወርዳል። ከዚያ በኋላ በምትኖርበት ቤት የባቡር ፊሽካ በተሰማ ቁጥር ፊቷ ይለወጣል። ማንም አያብራራም፤ ፊሽካው ብቻውን ታሪኩን ይሸከማል። ድምፅን እንዲህ አድርጎ ያስተዋለ ፊልም ጥቂት ነው።

የሚና ኩማሪ ባለቤትና የፊልሙ ዳይሬክተር ካማል አምሮሂ ይህን ፊልም የጀመረው በ1950ዎቹ ነው። መሃል ላይ ተለያዩ፣ ሥራው ቆመ፣ ካሜራውን የያዘው ጀርመናዊ ጆሴፍ ዊርሺንግ በ1967 ሞተ፣ የዜማው ደራሲ ጉላም ሞሐመድ በ1968 ተከተለው። ፊልሙ የካቲት ወር 1972 ወጣ፤ ሚና ኩማሪ በመጋቢት መጨረሻ፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተች። በከባዶቹ ዳንሶች ታማ ስለነበር በእሷ ፋንታ ፓድማ ኻና ጨፍራለች። ፊቷ በሻሽ ሲሸፈን ተጠራጠሩ። ይህን ማወቅ ፊልሙን አያሳንሰውም። እንዲያውም ካሜራው ወደ ራሷ ፊት የሚመለስበትን ጊዜ ታከብራላችሁ፤ ዓመታቱ እዚያ ላይ አሉ።

እንባን የመጨረሻ ያደረግኩት ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ወደ እሱ ስለሆነ ነው። በ1957ቱ «ማዘር ኢንዲያ» እናትየው ራዳ ሙሽራ ሊጠልፍ በወጣ ሰው ፊት ትቆማለች፤ ሰውየው የገዛ ልጇ ነው። ታስጠነቅቀዋለች፣ አይሰማም፣ ትተኩሳለች። ከዚያ በኋላ ታቅፈዋለች። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፤ እንባው ከውሳኔው በኋላ መጣ። ከውሳኔ በፊት የሚፈስ እንባ ተመልካቹን መለመን ነው፣ «የህንድ ፊልም» የሚለው ስድብም የተወለደው ከዚያ ነው። በነገራችን ላይ እናትየውን የተጫወተችው ናርጊስና ልጅየውን የተጫወተው ሱኒል ዳት የተወለዱት በአንድ ወር፣ በሰኔ 1929፣ በአምስት ቀን ልዩነት ነው። በ1958 ተጋብተዋል። ስታዩት እናትና ልጅ አልመሰሏችሁም?

ከድንበሩ ማዶ ያለው፣ የካራቺና የላሆሩ ሲኒማ፣ በእኛ ዘንድ ስሙ እምብዛም አይነሳም። ህንድና ፓኪስታን በ1947 ሲከፈሉ ዘፋኟና ተዋናይዋ ኑር ጀሃን ወደዚያ ሄዳለች። የ1966ቱን «አርማን» ከዋሂድ ሙራድና ከዜባ ጋር ማየት ይበቃል፤ ከቦምቤዮቹ ቀለል ያለ፣ የወጣት ትንፋሽ ያለበት ሥራ ነው። የ1977ቱ «አይና» ካራቺ ውስጥ ከ400 ሳምንት በላይ ታይቷል። የሳምንት ብዛት ግን ሚዛን አይሆንም፤ እኔ «አርማን»ን እመርጣለሁ።

አሁን ፍለጋ ለምትወጡ። «ሙጋል-ኤ-አዛም» በ2004 ከዳር እስከ ዳር ቀለም ተቀብቶ እንደገና ወጥቷል፤ በስልክና በፍላሽ የሚዞረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አትግዙት። ዋናው ቅጂ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የመስታወት አዳራሹ ዘፈን ላይ ሲደርስ በድንገት ወደ ቀለም ይለወጣል፤ በተቀባው ላይ ያ ድንጋጤ የለም። ርዝመቱ 197 ደቂቃ ነው። የሚሸጥላችሁ ሰው ከሦስት ሰዓት በታች የሆነ ቅጂ ካቀረበላችሁ ተቆርጧል፤ የሚቆርጡትም ዝም የሚባልበትን ቦታ ነውና ገንዘባችሁን አትስጡ።