«ብዙ ሰው አየው» እና «ብዙ ሰው ዳነ»፦ የካናቢስ ዲጂታል ማስታወቂያ ቋንቋ ሲመዘን

በወላይታ ዞን ወደሚገኙ የጤና ተቋማት የሚመጡ ሕሙማንና አስታማሚዎች ስለ በሽታው አስቀድመው የሰሙትን ይዘው መምጣታቸው የተለመደ ነው። ቀድሞ ወሬው የሚመጣው ከጎረቤት፣ ከገበያ ወይም ከባህል ሐኪም ነበር፤ ዛሬ በእጅ ስልክም ይመጣል። ከሶዶ ከተማና ከዙሪያዋ ወረዳዎች ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ሌሎች አገሮች የሄዱ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ያላት እናትም ዘመዷ ከሩቅ የላከላትን የካናቢስ ዘይት ማስታወቂያ ለሐኪሙ አሳይታ «ይህስ?» ብላ ልትጠይቅ ትችላለች። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የሚቻለው የዕፁን ፋርማኮሎጂ ብቻ ሳይሆን የማስታወቂያውን ቋንቋ ጭምር በመረዳት ነው።

በኢትዮጵያ የሕጉ አቋም ግልጽ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ናርኮቲክ ዕፆችን ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን በወንጀል ያስቀጣል፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759ም የእነዚህን ዕፆች ማስታወቂያ ከልክሏል። ይሁን እንጂ ማስታወቂያው የሚዘጋጀው በሌላ አገር ሕግ ሥር ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ካናቢስን ሕጋዊ አድርጋለች፤ በዚያው ዓመት የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት አዋቂዎች በግል የሚጠቀሙበትን ከወንጀልነት አውጥቷል። በእነዚያ አገሮች ገበያ የተጻፈ ቃል ሶዶ ለመድረስ አንድ ጣት ስልክ ላይ ማሳረፍ ይበቃዋል።

የዚህን ማስታወቂያ መልክ ለመረዳት በቅድሚያ የተወለደበትን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። ጎግልና ፌስቡክን የመሳሰሉ ትልልቅ ድርጅቶች ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር የተከፈለበትን የካናቢስ ማስታወቂያ ለረጅም ጊዜ ሲከለክሉ ቆይተዋል። በመሆኑም ሻጮቹ በር ሲዘጋባቸው በመስኮት ገቡ። የመጀመሪያው መስኮት «ኮንቴንት ማርኬቲንግ» የሚባለው ነው፤ ይኸውም ሽያጩን ትምህርት በሚመስል ጽሑፍ ውስጥ መሸሸግ ነው። ሁለተኛው «ኢንፍሉዌንሰር» የተባለው ብዙ ተከታይ ያለው ሰው የራሱን ገጠመኝ እንዲናገር ማድረግ ነው። ስለዚህ አስታማሚዋ የምታሳየው ገጽ ዋጋና የመሸጫ አድራሻ ላይኖረው ይችላል። «ስለ ሚጥል በሽታ ማወቅ የሚገባዎት» የሚል ርእስ ያለውና የጤና ትምህርት ወረቀት የሚመስል ሆኖ ይገኛል። እገዳው ማስታወቂያውን አላጠፋውም፤ ነጭ ጋዋን አለበሰው እንጂ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የቁጥሮቹ ቋንቋ ነው። «ኢምፕሬሽን» ማለት ማስታወቂያው በስክሪን ላይ የታየበት ጊዜ ብዛት ነው፤ አንድ ሰው አሥር ጊዜ ቢያየው አሥር ተብሎ ይቆጠራል። «ሪች» ያዩትን የተለያዩ ሰዎች ብዛት ይገምታል። «ኢንጌጅመንት» የወደደውንም፣ አስተያየት የጻፈውንም፣ ለሌላ ያስተላለፈውንም ይደምራል፤ ተቆጥቶ የጻፈውም በዚያው ድምር ውስጥ ይገባል። «ኮንቨርዥን» ደግሞ ካዩት ወይም ከነኩት ሰዎች መካከል ሻጩ የፈለገውን፣ ብዙውን ጊዜ ግዢን፣ የፈጸሙት ስንት እንደሆኑ ይናገራል። «ሪታርጌቲንግ» አንድ ጊዜ ገጹን የጎበኘውን ሰው በሌላ ገጽ ተከትሎ ያንኑ ማስታወቂያ ደግሞ ማሳየት ነው። ስለ ልጇ ሕመም በጭንቀት የፈለገች እናት ማስታወቂያው በየቦታው ሲከተላት «ዓለም ሁሉ ስለዚህ መድኃኒት ያወራል» ብላ ብታምን አያስደንቅም።

ለነጋዴ እነዚህ መለኪያዎች ሕጋዊና ጠቃሚ ናቸው። ጉዳቱ የሚጀምረው ከገበያው መዝገብ ወጥተው በሕመምተኛው ፊት እንደ ማስረጃ ሲቀርቡ ነው። «መቶ ሺህ ሰው አየው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲሄድ «መቶ ሺህ ሰው ዳነበት» ይሆናል። የጤና ባለሙያ ይህን ስሕተት የሚያውቀው በሌላ ስሙ ነው፤ አካፋይ የሌለው ቁጥር ይባላል። ስንት ሰው ወሰደው? ስንቱ ተሻለው? ስንቱ ተጎዳ? ስንቱስ ሳይወስድ ተሻለው? የማስታወቂያው ጥናት የመጨረሻ ነጥብ ግዢ ሲሆን የሕክምናው ጥናት የመጨረሻ ነጥብ የታማሚው ሁኔታ ነው። ገዢው ዘይቱን ከፍሎ በወሰደበት ቅጽበት የሻጩ ቆጠራ ያበቃል፤ የሐኪሙ ቆጠራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

አካፋይ ያለው ቁጥር ምን እንደሚመስል ለማነጻጸር በዚሁ ዕፅ ላይ የተደረገ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመው ጥናት ድራቬት ሲንድሮም ያለባቸውን 120 ሕፃናትና ወጣቶች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አጥንቷል። ካናቢዲዮል፣ በአጭሩ ሲቢዲ፣ በወሰዱት ላይ በወር የሚደርሰው የማንቀጥቀጥ ሕመም መካከለኛ ቁጥር ከ12.4 ወደ 5.9 ወርዷል፤ ፕላሴቦ በወሰዱት ላይ ከ14.9 ወደ 14.1 ነው። በሲቢዲ ምድብ ሕመሙ ፈጽሞ የቆመላቸው 5 በመቶ ብቻ ናቸው። ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ እንቅልፋምነትና የጉበት ምርመራ መዛባትም ተመዝግቧል። በእነዚህ ዓይነት ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2018 የተጣራውን መድኃኒት ለሁለት ብርቱ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ፈቅዷል። ይህ መጠነኛና ሐቀኛ ውጤት ነው፤ ማስታወቂያው ግን የዚህን ጥናት ክብር ተበድሮ ለሌላ ጠርሙስ ያውለዋል።

ጠርሙሱ ሌላ ለመሆኑም ማስረጃ አለ። በዚያው በ2017 በጃማ የታተመ ጥናት በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 የሲቢዲ ምርቶችን ገዝቶ መርምሯል። በመለያው ላይ የተጻፈው መጠን ከይዘቱ ጋር የተስማማው በ26ቱ ብቻ ሲሆን፣ በ18ቱ ውስጥ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ተገኝቷል።

ከቁጥሮቹ ይልቅ ለመመርመር የሚያስቸግሩት ግን ለስላሳዎቹ ቃላት ናቸው። «በሽታን ይፈውሳል» ብሎ መጻፍ ምርቱን በመድኃኒት ሕግ ፊት ስለሚያቆመው ጠንቃቃ ሻጭ «ጤናን ይደግፋል»፣ «ሊረዳ ይችላል» ይላል። ይህ ጥንቃቄ የሚጠብቀው ሻጩን እንጂ ገዢውን አይደለም። ወጣቱ የእንግሊዝኛውን ገጽ ለእናቱ በወላይትኛ ሲያስረዳ «ሊረዳ ይችላል» የሚለው መጠራጠር በቀላሉ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የሚደርሰው «ያድናል» የሚለው ነው። «ኦርጋኒክ» የሚለው ቃልም ሁለት ፊት አለው፤ በአስተዋዋቂው መዝገብ ክፍያ ሳይፈጸምበት የተሰራጨ መልእክት ማለት ሲሆን፣ በጠርሙሱ ላይ ያለ ኬሚካል የበቀለ ማለት ነው። ሁለቱም ስለ ፈዋሽነት አንዳች አይናገሩም።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ለሚለው ደግሞ መልሱ ሩቅ አይደለም። በወላይታ ብዙ እግሮችን ያሳበጠው ፖዶኮኒዮሲስ የሚመጣው በባዶ እግር ከሚረገጥ ቀይ አፈር ነው፤ አፈሩም ተፈጥሯዊ ነው። ሽባ የሚያደርገው ጓያም የማሳ ፍሬ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ትችቱ በአስተዋዋቂው ላይ ብቻ ቢያበቃ ፍትሐዊ አይሆንም። ማስታወቂያው ሰሚ የሚያገኘው የጤና ተቋሙ ያልሰጠውን ስለሚሰጥ ነው፤ ጊዜ ወስዶ ይናገራል፣ ወላጅን በስም የሚጠራ ይመስላል፣ ተስፋም አይነፍግም። ታማሚው በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲታይ፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ፣ ጎረቤት እንዳያውቅ ሕመሙ ሲደበቅ ማስታወቂያው ክፍቱን ቦታ ይሞላል። በሌላ በኩል «ካናቢስ ምንም የሕክምና ጥቅም የለውም» ብሎ መመለስም እውነት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ዕፆች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በ27 ድምፅ ለ25 ካናቢስን ከ1961 ስምምነት አራተኛ ሠንጠረዥ አውጥቶታል፤ ጥብቅ ቁጥጥሩን ግን አላነሳም። ግማሹን እውነት የሚክድ ባለሙያ ቀሪውን ሲናገር የሚያምነው አይኖርም።

ስለሆነም ባለሙያው ስልኩን በቁጣ ከመመለስ ይልቅ አብሮ ማንበብ ይጠበቅበታል። ገጹን የጻፈው ማን ነው? ምን ይሸጣል? ቁጥሩ ያዩትን ይቆጥራል ወይስ የተሻላቸውን? ጥናቱ የተደረገው በዚሁ ጠርሙስ ላይ ነው? እነዚህ አራት ጥያቄዎች ሁለት ደቂቃ አይፈጁም። ከዚያም «እስካሁን ሰጥተሽዋል?» ብሎ ያለ ወቀሳ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቫልፕሮየት ከሲቢዲ ጋር ሲወሰድ የጉበት ኢንዛይም ሊጨምር፣ ከፌኖባርቢታል ጋር ሲደመርም እንቅልፋምነት ሊባባስ ይችላልና። ጉዳት ከታየ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ባዘጋጀው ቢጫ ቅጽ ማስታወቅ ይገባል። ከሁሉ በላይ አስታማሚዋ ሳትሰማው መውጣት የሌለባት አንድ ነገር አለ፤ ዘይቱን አመንኩ ብላ የልጇን ፌኖባርቢታል በድንገት ብታቋርጥ ሕመሙ ሳያቋርጥ እየደጋገመ ሊመጣና ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። በሻጩ መዝገብ ይህ ልጅ የተቆጠረው እናቱ ዘይቱን በገዛችበት ዕለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የደረሰበትን የሚጽፍ ካርዱን የያዘው ባለሙያ ብቻ ነው።