የወጣው ራም ይመለስ

ወደ ኮምፒዩተር ጥገና አዲስ የሚገቡ ልጆች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ራም ቀየርኩ፣ ማሽኑ ተነሣ፣ ደንበኛው ከፍሎ ወሰደ፤ በሳምንቱ ያንኑ ችግር ይዞ ተመለሰ፤ አዲሱም ራም ተበላሸ ማለት ነው? ከነባር ባለሙያ የሚያገኙት መልስ አብዛኛውን ጊዜ «እንግዲያው ማዘርቦርዱ ነው» የሚል ነው፤ ማዘርቦርዱም ይቀየራል። እኔ ግን ስሕተቱ ከዚያ በፊት ተሠርቷል ባይ ነኝ። ልጁ ያረጋገጠው ማሽኑ መነሣቱን ብቻ ነው። የወጣው ራም መበላሸቱን አላረጋገጠም። አሮጌው ራም ወደ ነበረበት ስሎት ተመልሶ ገብቶ ችግሩ ዳግም እስካልታየ ድረስ ጥፋተኛው እሱ ነው የሚያሰኝ ምንም ነገር በእጃችን የለም። ቀይሮ መሞከር በየሱቁ እንደ ሙሉ ምርመራ ይቆጠራል፤ ግማሽ ነው። የቀረው ግማሽ የወጣውን መልሶ መክተት ነው፤ እሱን የሚያደርግ ሰው ደግሞ በጣም ጥቂት ነው።

ራም ሲቀየር የሚቀየረው ራሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክርም ባላስፈለገ። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሏል፣ በማዘርቦርዱ ላይ የቀረው ቻርጅ ወርዷል፣ ክዳኑ ተከፍቶ ቀዝቅዟል፣ አቧራው ተነፍቷል፣ ኬብሎቹ ተነካክተዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የራሙ ጥርሶች ስሎቱ ውስጥ ካሉት ስስ የብረት ምላሶች ጋር ተፋትገዋል። ይህን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። የዴስክቶፕ ዲዲአር4 ራም 288 ጥርሶች አሉት። በእያንዳንዱ ላይ የተለበጠው ወርቅ ውፍረቱ አንድ ማይክሮን እንኳ አይሞላም፤ የስሎቱ ምላስም የሚያርፍበት በአንዲት ጠባብ ነጥብ ላይ ነው። ማሽኑ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ምላሱ በጥቂት በጥቂቱ ይንሸራተታል፤ በዓመታት ውስጥ አቧራና እርጥበት በመካከል ይገባል። ከ288ቱ አንዱ በደንብ ካልነካ ማሽኑ ቱት ቱት ብሎ ስክሪኑ እንደጠቆረ ሊቀር ይችላል። ራሙን ነቅሎ መሰካት ያን ቆሻሻ ይጠርገዋል፤ የተሰካው አዲስ ራም ይሁን ያው አሮጌው ለጽዳቱ ለውጥ የለውም። ስለዚህ በአዲሱ ራም የተነሣው ማሽን በአሮጌውም ይነሣ ወይም አይነሣ እንደነበር ካልታየ ደንበኛው የዕቃ ዋጋ የከፈለው ለመንቀልና ለመሰካት ብቻ ሊሆን ይችላል። (ጥርሱን በላጲስ የሚፈትጉ ብዙዎች ናቸው። ወርቁ ያን ያህል ስስ ሆኖ ሳለ በላጲስ መፈተግ የሚቀጥለውን ብልሽት ማፋጠን ነው። አልኮል የነካ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል።)

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያ ሥራ ቀላል ነው፤ ሌላ ዕቃ ከመፈለግ በፊት ያንኑ አውጥቶ ያንኑ መመለስ። ችግሩ በዚያ ብቻ ከጠፋ የሚገዛ ነገር የለም። ካልጠፋ ብቻ ነው ከመደርደሪያ ሌላ ራም የሚወርደው። እሱም ቢሆን የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል። የተለየ ራም ሲገባ ባዮሱ ፍጥነቱን እንደ አዲስ ይመርጣል፤ በ3200 ይሠራ የነበረ ማሽን በ2400 ራም ወደ 2400 ይወርዳል። በ3200 የሚሳሳተው የማዘርቦርዱ መስመር ወይም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የሜሞሪ መቆጣጠሪያ ከሆነ በ2400 ያለ እንከን ሊሠራ ይችላል። ጤነኛው ራም ተጥሎ፣ ችግሩ ማሽኑ ውስጥ እንዳለ፣ ፍጥነቱ ብቻ ቀንሶ ደንበኛው ይሸኛል። በሳምንቱ የሚመለሰው አንዱ እንዲህ ያለው ነው።

የበለጠ የሚያስቸግረው ግን ፓወር ሰፕላይ ነው፤ የራሱን ድካም በሌላ ዕቃ ስም ያሳያልና። ለዓመታት በቆየው የአቲኤክስ ደንብ የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ባለው ወሰን ውስጥ መቆየት አለበት። ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ማሽኑ ሥራ ሲፈታ 12 ቮልት ያሳይና ከባድ ጌም ወይም የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሲከፈት ከወሰኑ በታች ይወርዳል። ያኔ በዓይን የሚታየው ስክሪን መጥፋቱ ስለሆነ የሚወቀሰው ግራፊክስ ካርዱ ነው። 150 ዋት የሚስበው ካርድ ይወጣና በምትኩ ከማዘርቦርዱ ስሎት ብቻ የሚመገብ፣ ከ75 ዋት የማያልፍ ካርድ ይገባል። ጭነቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ፓወር ሰፕላዩ ይተነፍሳል፣ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይሠራል፤ ካርዱም ሞቷል ይባላል። እዚህ ላይ የወጣውን መልሶ መክተት ብቻውን እንደማይበቃ መቀበል አለብኝ። ትልቁ ካርድ ሲመለስ ችግሩም አብሮ ይመለሳል፤ ካርዱ ግን ንጹሕ ነው። ዘዴው በሐሰት የተወነጀለውን ዕቃ ብዙ ጊዜ ነፃ ቢያወጣም ሁልጊዜ አያወጣም፤ እውነተኛውን ጥፋተኛም ሁልጊዜ አያስይዝም። ስለዚህ ኃይል በሚበላ ዕቃ ላይ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ፤ ዕቃው ጤነኛ በሆነ ሌላ ማሽን ላይ ይሞከራል፣ ቮልቴጁም ማሽኑ ጭነት ላይ እያለ ይለካል። ጭነት በሌለበት የተወሰደ ልኬት ስለዚህ ችግር የሚነግረን ነገር የለም። መልቲሜትርም ወሰን አለው፤ አማካዩን ነው የሚያነበው። በ12 ቮልቱ መስመር ላይ ከ120 ሚሊቮልት ማለፍ የሌለበትን ፈጣን መዋዠቅ የሚያሳየው ኦስሲሎስኮፕ ነው፤ እሱ በሌለበት ጤንነቱ የታወቀ ፓወር ሰፕላይ አስገብቶ ማወዳደር የግድ ይሆናል።

የኃይል ድካም በሌላ ዕቃ ስም መታየቱ ግምት አለመሆኑን የካፓሲተሮች ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 ገደማ በተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶችና ፓወር ሰፕላዮች ውስጥ ጥራት የጎደላቸው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ገብተው ነበር። ጉዳዩ ትንሽ አልነበረም፤ ዴል እ.ኤ.አ. በ2005 ለኦፕቲፕሌክስ ማሽኖቹ ጥገናና ቅያሪ 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መድቧል። የእነዚያ ማሽኖች ምልክት በራስ መጥፋት፣ በራስ መነሣት፣ ሰማያዊ ስክሪን፣ አንዳንዴም ጨርሶ አለመነሣት ነበር። በምልክቱ ብቻ የሄደ ሰው ራሙን ወይም ዊንዶውሱን ከመጠርጠር አይመለስም። ክዳኑን ከፍቶ በፕሮሰሰሩ ዙሪያ የተደረደሩትን ትንንሽ ሲሊንደሮች ያየ ግን አናታቸው እንዳበጠ፣ አንዳንዶቹም ቡናማ ፈሳሽ እንዳንጠባጠቡ ያለ ምንም መሣሪያ ይመለከታል። ካፓሲተር ዛሬም ያረጃል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል የሚለው የሙያው ስሌት የታፈነ ፋን ምን እንደሚያደርስ በቂ መልስ ነው።

ፎርማትም የዚሁ ስሕተት ታላቅ ወንድም ነው። ኮምፒዩተር ከዘገየ ፎርማት፣ ከቆመ ፎርማት፣ በራሱ ከጠፋ ፎርማት። ተከራካሪዎቼ የሚያነሡት ማስረጃ ከፎርማት በኋላ ማሽኑ በእርግጥም መሥራቱን ነው። ይሠራል፤ ለምን እንደሚሠራ ግን መታየት አለበት። ሃርድ ዲስክ ማንበብ ያቃተውን ቦታ ወዲያው አይጥለውም፤ በጥርጣሬ መዝግቦ ያቆየዋል። ይህ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት በሚይዘው የስማርት ሰንጠረዥ ቁጥር 197 ላይ ይታያል። በላዩ ላይ አዲስ ነገር ሲጻፍበት ቦታው ወይ ይድናል ወይ በመጠባበቂያ ቦታ ይተካና ቁጥር 5 ላይ ይመዘገባል። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን የሆነው ይኸው ነው፤ ብልሽቱ ያረፈበት ቦታ ተጻፈበት፣ ችግሩም ለጊዜው ከዓይን ተሰወረ። ዲስኩ ግን መሞቱን አላቆመም፤ የደንበኛው የሠርግ ፎቶና የሂሳብ ሰነድ ደግሞ በፎርማቱ ሄዷል። ቁጥር 199 እየጨመረ ከሆነ ጥርጣሬው በቅድሚያ በሳታ ኬብሉ ላይ ያርፋል፤ ዲስክ መቀየር አያስፈልግ ይሆናል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ማንበብ ደቂቃ አይፈጅም። ሳያነቡ ፎርማት ማድረግን እኔ ጥገና ብዬ አልጠራውም።

«ሱቅ ሲመጣ ይሠራል፣ ቤት ሲሄድ አይሠራም» የሚለው የተለመደ ስሞታም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ማሽኑን ነቅሎ ወደ ሱቅ ማምጣት በራሱ ብዙ ነገር ይለውጣል፤ መስመሩ ሌላ ነው፣ ሶኬቱ ሌላ ነው፣ የክፍሉ ሙቀት ሌላ ነው። በአገራችን ደንቡ 220 ቮልት ይሁን እንጂ ምሽት ላይ ምጣዱ ሁሉ ሲሰካ በአንዳንድ ሰፈር ምን ያህል እንደሚወርድ አምፖሉ ይናገራል። መብራት ብልጭ ሲል ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ ለመዞር ጥቂት ሚሊሰከንዶች ይወስዳል። ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ካፓሲተሮቹ ውስጥ ባለው ኃይል በሙሉ ጭነት 16 ሚሊሰከንድ ገደማ መቆየት ስለሚችል ማሽኑ አይሰማውም። ካፓሲተሩ የደከመበት ግን ያን ያህል አይቆይም፤ ማሽኑ ይጠፋል፣ «ዩፒኤሱ አይሠራም» ተብሎ ዩፒኤስ ይገዛል። ስለዚህ በደንበኛው ቤት የታየ ችግር በሱቅ ካልታየ ተፈትቷል ማለት አይቻልም፤ ገና አልተመረመረም።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ክብደት ያለው የጊዜ ጉዳይ ነው። ወረፋ አለ፣ ኪራይ አለ፣ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፤ የተነሣ ማሽን እንደገና ተከፍቶ የተበላሸ ዕቃ ሲሰካበት ማየት ለማንም ደስ አይልም። አሮጌ ራም መልሶ መሰካት ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ተመልሶ የመጣ ማሽን ደግሞ ሁሉንም ከመጀመሪያው ያስጀምራል፣ ሁለተኛው ጊዜም አይከፈልበትም። የተበላሸ ዕቃ መልሶ መሰካት ሌላውን ያበላሻል የሚለውን ስጋት ደግሞ በከፊል እቀበላለሁ። የመቃጠል ሽታ ያለው፣ ያበጠ ካፓሲተር የሚታይበት፣ ወይም ከ12.6 ቮልት በላይ የሚያወጣ ፓወር ሰፕላይ በፍጹም አይመለስም፤ እዚያ ላይ በዓይንና በመልቲሜትር የተገኘው ማስረጃ ይበቃል። ሾርት ያደረገ ዕቃም እንዲሁ። ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር በተበየደባቸው ቀጫጭን ላፕቶፖች ደግሞ የሚወጣም የሚመለስም ነገር የለም፤ እዚያ የሚረዳው መለካት ብቻ ነው።

የሚመጣ የሚጠፋ ችግር ላይ ግን ተከራካሪዎቼን የምጠይቀው እኔ ነኝ። ማሽኑ በአማካይ በሁለት ቀን አንዴ ያለ ሥርዓት የሚጠፋ ከሆነ፣ ምንም ሳይነካ አንድ ቀን ሙሉ ፀጥ ብሎ የማደር ዕድሉ ከግማሽ በላይ ነው። ታዲያ ዕቃ ቀይሮ ለአንድ ሰዓት አብርቶ «ዳነ» ማለት በምን ሂሳብ ነው? በአማካይ ከሚጠፋበት ጊዜ ሦስት እጥፍ፣ በዚህኛው ስድስት ቀን ያህል፣ ሳይጠፋ ከቆየ በአጋጣሚ ብቻ የመሆን ዕድሉ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ስድስት ቀን መጠበቅ የማይቻል ከሆነ ለደንበኛው እውነቱን መንገር ይቻላል፤ ይህን ቀይሬያለሁ፣ ገና አላረጋገጥኩም፣ የወጣው ዕቃ ይኸው፣ አይጣል። ዊንዶውስ ከርነል ፓወር 41 ብሎ የሚመዘግበውን እንደ ማስረጃ የሚያቀርቡም አሉ፤ ያ መዝገብ ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን እንጂ ምን እንዳጠፋው አይናገርም።

በዚህ ጉዳይ የምግደረደርበት ምክንያት የለኝም፤ ነገሩ ያሳስበኛል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ ለሚገባ ራም፣ ዲስክና ማዘርቦርድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ዕቃ የሚገዛ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ተማሪ ጤነኛ ራሙን ጥሎ ሌላ ሲገዛ የሚከስረው ከትምህርቱና ከቀለቡ ነው። እኔን ለዚህ ሙያ ያስገዛኝም ማሽን ማስነሣቱ አይደለም፤ ያን ብዙ ሰው ያደርገዋል። ለምን እንደተነሣ አውቆ መናገር መቻል ነው። ያን ለመናገር ደግሞ የወጣው ዕቃ መመዝገብ አለበት። በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ወረቀት ይለጠፍ፤ ከየትኛው ማሽን እንደወጣ፣ ምልክቱ ምን እንደነበረ፣ ተመልሶ ሲገባ ምን እንደሆነ ይጻፍበት። ሦስተኛው መስመር ባዶ የሆነበት ዕቃ ለደንበኛው ይሰጥ ወይም ለብቻው ይቀመጥ እንጂ ከጤነኞቹ ጋር ተደባልቆ ሌላ ማሽን መፈተሻ አይሁን፤ መበላሸቱም ጤንነቱም ገና አልታወቀምና።